ካት ሊተር (ለድመት መጸዳጃ ሚሆን ሸክላ) ላይ የበቀለ አኳሪየም፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተሰራ የአንድ ታንክ ሙሉ ጉዳይ

አኳሪየም ውስጥ ተክል አሳድጋለሁ ብላችሁ አዲስ አበባን ዞራችሁ ምታውቁ ከሆነ ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አሳው አለ፣ ፓምፑ አለ፣ ኤልኢዲ መብራት በየኤሌክትሪክ ዕቃ ቤቱ አለ፣ ታንኩን ራሱ መስታወት ቤት ሄዳችሁ ልኬት ሰጥታችሁ በሲሊኮን ታሰሩታላችሁ። የሌለው ከታች ሚነጠፈው ነገር ነው። ለተክል ተብሎ የተሰራው አኳ ሶይል ሚባለው ወይ ከውጭ በሻንጣ ሚያመጣላችሁ ዘመድ ይፈልጋል ወይ ደሞ ሲገኝ ዋጋው አይቀመስም። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ባለቀለም ጠጠር ያነጥፍና ተክሉ ቢጫ ሆኖ ሲያልቅበት "የኛ አገር ውሃ ለዚ አይሆንም" ብሎ የፕላስቲክ ተክል ይገዛል። ይሄ ሁሌ ያናድደኛል ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የውሃው አይደለም፣ ተክሉ ስሩን ሰዶ ሚበላው ነገር ስላጣ ነው።

አሁን ምጽፈው ጎረቤቶቼ ቤት ስለተሰራ ታንክ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ፣ እዛው እኛ ብሎክ ላይ። ሰውየው ግብርና ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፣ እኔ ጋሼ እያልኩ ነው ምጠራቸው፣ ባለቤታቸውን ደሞ እትዬ። የልጅ ልጃቸው አሳ አሳ እያለች ስታስቸግራቸው እኔ ጋ መጡና "ልጄ፣ አሳው ለሷ ነው፣ ለኔ ግን ሳሩን አብቅልልኝ" አሉኝ። ታንኩን 60 በ30 በ36 ሴንቲ አሰርተነዋል፣ በጀቱ የጡረታ በጀት ነው፣ ስለዚ ከታች ምን እናንጥፍ ሚለው ላይ ቁጭ ብለን ተነጋገርን።

የወንዝ አሸዋ ርካሽ ነው ግን ለተክል ምንም አይዝም። የግቢ አፈር እናድርግ ብንል ደሞ የኛ አካባቢ አፈር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ዋልካ ነው፣ በበጋ እጅ ሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል በክረምት አብጦ ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ የቤት መሰረት ሳይቀር ሚያናጋው እሱ ነው። ይሄን ነገር ታንክ ውስጥ ብትከቱት ውሃው ለሳምንታት ጭቃ እንደሆነ ይቆያል፣ ትንሽ በነካችሁት ቁጥር ደሞ እንደገና ይነሳል። እኔ ያቀረብኩት ሶስተኛውን ነው፣ ሱፐርማርኬት ሚሸጠውን ለድመት መጸዳጃ ሚሆነውን ሸክላ፣ ካት ሊተር። እትዬ ቡና እየቆሉ ነበር የሰሙት፣ "የድመት ሽንት ቤት ሳሎኔ ውስጥ? በማርያም!" አሉ። ድመት ያልነካው፣ ከተፈጥሮ ሸክላ በስተቀር ምንም የሌለው ነገር መሆኑን ከረጢቱን ከፍቼ ካሳየኋቸው በኋላ ነው የተስማሙት፣ እሱም በግማሽ ልብ።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ሸክላን ለድመት ማድረግ የተጀመረው 1947 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ነው፣ ኤድ ሎው ሚባል ሰው የፋብሪካ ወለል ላይ የፈሰሰ ዘይት ለመምጠጥ ሚሸጠውን ሸክላ ለጎረቤቱ ድመት ሰጥቶ ነው ከዛ ንግድ ያደረገው። ከዛ በኋላ ርካሹን አይነት ለቦንሳይም ለአኳሪየምም የተጠቀሙበት ብዙ ናቸው። ግን "ካት ሊተር ይሆናል" ወይም "አይሆንም" ብሎ በደፈናው ማውራት ራሱ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም በአንድ ስም ሚሸጡት ነገሮች ጸባያቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሰዎች ታንካቸውን ሚያበላሹት እዚ ጋ ነው።

መደርደሪያው ላይ ምታገኙት በጥቅሉ ሶስት አይነት ነው። አንዱ ክላምፒንግ ሚባለው ነው፣ እርጥበት ሲነካው ሚጓጉለው፣ ከሶዲየም ቤንቶናይት የተሰራ ነው፣ ብዙ ጊዜ ደሞ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛው ነጭ ክሪስታል መሳይ ሲሊካ ጄል ነው፣ እሱን ለዚ ስራ እርሱት። ሶስተኛው ናን ክላምፒንግ፣ ማይጓጉለው፣ ሽቶ የሌለው፣ ተራ ሸክላ ነው፣ ከሁሉም ርካሹም እሱ ነው፣ ምንፈልገውም እሱን ነው። እዚ ላይ ርካሹ ነው ለስራችን ሚሆነው፣ ጨምራችሁ ብትከፍሉ ሚበላሽባችሁ ነገር ነው ምትገዙት። ሽቶ ያለው፣ "ሽታ ያጠፋል" ሚል ነገር የተጨመረበት፣ ቤኪንግ ሶዳ የተቀላቀለበት፣ ባለቀለም ፍሬ ያለበት ሁሉ ይቅር።

ጋሼ ነገሩ ወዲያው ነው የገባቸው ምክንያቱም ቤንቶናይት ውስጥ ያለው ዋናው ማዕድን ሞንትሞሪሎናይት ሚባለው ነው፣ የዋልካችን ሸክላም የዛው ቤተሰብ ነው። እንደ ወረቀት የሳሱ ንብርብሮች አሉት፣ በንብርብሮቹ መሀል ውሃ ሲገባ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። "ታዲያ ዋልካን ሸሽተን ዋልካ ልንገዛ ነው?" አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፣ መልሱ ያለው ደሞ እሳቱ ላይ ነው። ሸክላ ከ500 ወይም 600 ዲግሪ በላይ ሲቃጠል ውስጡ በኬሚካል የታሰረው ውሃ ይወጣና ሁለተኛ ማበጥ አይችልም፣ ወደ ጭቃነት አይመለስም። እትዬ ከጓዳ የተሰበረ የምጣድ ገል አመጡና "ይሄ እኮ ስንት አመት ውጭ ዝናብ ሲመታው ከርሞ ጭቃ አልሆነም" አሉ፣ በቃ እሱ ነው። ከርካሾቹ ሊተሮች አንዳንዶቹ በደንብ ተቃጥለዋል፣ አንዳንዶቹ ደርቀው ብቻ ነው ሚታሸጉት፣ ከረጢቱ ላይ ደሞ ይሄ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ስለዚ ራሳችሁ መፈተን አለባችሁ።

ፈተናው ሁለት የውሃ ብርጭቆ ነው ሚፈልገው። አንዱ ላይ የገዛነውን ርካሹን፣ ሁለተኛው ላይ ለማወዳደሪያ ድመት ካላት ጓደኛዬ የለመንኩትን ክላምፒንግ ሊተር አደረግን፣ ሁለቱም ላይ እስከ ሁለት ጣት የሚሆን፣ ከዛ ውሃ ሞላንበት። ክላምፒንጉ ወዲያው ነው ፍሬነቱ የጠፋው፣ ፍሬዎቹ ተነፉ፣ እርስ በርስ ተያያዙ፣ ሲነጋ ብርጭቆው ውስጥ እንደ ግራጫ ሊጥ የሆነ ነገር ነበር፣ ብርጭቆውን ዘንበል ስታደርጉት አይፈስም። ርካሹ ደሞ ሲጀመር ሲስስስ ሚል ድምጽ አሰማ፣ ቀዳዳው ውስጥ ያለው አየር እየወጣ ነው፣ ትናንሽ አረፋ ሽቅብ ለቀቀ፣ ውሃው ደፈረሰ፣ ከዛ አቧራው ወደ ታች ተቀምጦ ውሃው ጠራ፣ ፍሬዎቹ ግን በየራሳቸው ቆመው ነበር። ዋናው ነገር እዛ አያልቅም፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ከቻላችሁ ሳምንት አቆዩትና ፍሬውን አውጥታችሁ በሁለት ጣት ጨምቁት። በጥፍር ስትጫኑት ሚሰበር ከሆነ ችግር የለም፣ ተሰብሮ ትናንሽ ጠንካራ ቁራጭ ከሆነ ይሁን። እንደ ቅቤ ጣት ላይ ሚቀባ ከሆነ ግን ምንም ይሁን ምን ታንክ ውስጥ እንዳታስገቡት። የኛው ተሰበረ እንጂ አልተቀባም። ከዛ ጥቂት ደረቅ ፍሬ ላይ አቼቶ ጠብ አደረግንበት፣ ከአየሩ አረፋ ውጪ ሚንተከተክ ነገር ካለ ኖራ ድንጋይ አለበት ማለት ነው፣ ውሃውን ያጠነክረዋል፣ ማለትም ካልሲየም ያበዛበታል። አልተንተከተከም። ብርጭቆውንም አሸተትነው፣ እርጥብ አፈር እንጂ ሌላ አይሸትም።

ለምን ይሄን ሁሉ እንደምንለፋ ለሚጠይቅ፣ ምክንያቱ ሸክላ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ነው። ተክል ሚፈልጋቸው አሞኒየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ብረት ፖዘቲቭ ናቸው፣ ሸክላው ይዟቸው ይቆይና ስር ሲመጣ ይለቃል። የአፈር ሰዎች ይሄን አቅም በ100 ግራም ስንት ሚሊ ኢኩቫለንት ብለው ነው ሚለኩት፣ ሞንትሞሪሎናይት ከ80 እስከ 120 ይይዛል፣ ካኦሊናይት ሚባለው ነጩ ሸክላ ከ3 እስከ 15፣ ንጹህ አሸዋ ደሞ ዜሮ በሉት። ሸክላ ሲቃጠል ከዚ አቅሙ ብዙ ያጣል፣ ቢሆንም ከአሸዋ ጋር ሚወዳደር አይደለም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የመያዝ አቅም አለው ማለት ምግብ አለው ማለት አይደለም። አዲስ ካት ሊተር ባዶ ጎተራ ነው፣ እህሉን ምትሞሉት እናንተ ናችሁ። ይሄን ያልተረዳ ሰው "ሸክላ ነው ያነጠፍኩት ለምን አላደገም" ይላል።

እጠባው አድካሚ ነው፣ ግን አትዝለሉት። በሳፋ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በእጅ እያገላበጡ ነው፣ በሃይል ካሻችሁት ፍሬው እርስ በርስ ተፋጭቶ አዲስ አቧራ ይፈጥራል። ውሃ እኛ ሰፈር በፈረቃ ስለሆነ ሚመጣው ጋሼ የታጠበበትን ቡኒ ውሃ እያጠራቀሙ በረንዳ ላይ ያሉት ጎመንና ጤና አዳም ላይ አፈሰሱት፣ አንድ ጠብታ አልባከነም። ሙሉ በሙሉ ጥርት እስኪል አትጠብቁ፣ አይጠራም፣ ወደ ቀላል ሻይ መልክ ሲመጣ በቂ ነው።

ይሄን ያህል ስፋት ያለው ታንክ ላይ 6 ሴንቲ ለማንጠፍ ወደ 11 ሊትር ሸክላ ነው ሚገባው፣ በደረቁ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ቢሆን ነው። ያው ቦታ ላይ አሸዋ ቢሆን ኖሮ ከ16 ኪሎ በላይ ይሆን ነበር። ለጠረጴዛው ጥሩ ነው ለተከላው ግን ጣጣ ነው፣ ምክንያቱም ውሃ ውስጥ ሲሆን በጣም ይቀላል፣ ተክሉን ትሰኩታላችሁ ዞር ስትሉ ተነቅሎ ላይ ይንሳፈፋል። እኛ ያደረግነው፣ ሸክላውን በርጥቡ አነጠፍን፣ ውሃ ሳንሞላ ጭቃ ማሳ ላይ እንደሚተከል አድርገን ስሩን በጣት ጠልቀን ተከልን፣ ከላይ 00 ሚባለውን የኮንስትራክሽን ጠጠር አጥበን በአቼቶ ፈትነን ስስ አድርገን አለበስነው፣ ከዛ መሀሉ ላይ ሰሀን አስቀምጠን ውሃውን በሰሀኑ ላይ ቀስ እያልን አፈሰስን። ጥቁር ባዛልት ስለሆነ መልኩም ያምራል። በጊዜ ብዛት ቀላሉ ሸክላ በጠጠሩ መሀል ሽቅብ መውጣቱ አይቀርም፣ እሱን መከላከል አይቻልም፣ እስከዛ ግን ተክሉ ስሩን ይሰዳል፣ ከዛ በኋላ ሚነቅለው የለም።

የተከልነው ከሌላ ጓደኛዬ ታንክ የተቆረጠ ቫሊስኔሪያ፣ ክሪፕት፣ አንድ አማዞን ሶርድና ሳይተከል ሚንሳፈፍ ሆርንዎርት ነው። ቅዳሜ ሽርሽር ወጥታችሁ ከሀይቅ ዳር ተክል ነቅላችሁ ለማምጣት ምታስቡ ካላችሁ እባካችሁ ተዉት፣ እኔ ይሄን ሳስብ እፈራለሁ። ቫሊስኔሪያም ሆርንዎርትም አገራችን ሀይቆች ውስጥ አሉ፣ እውነት ነው፣ ግን ጣናም ዝዋይም ላይ ቢልሃርዚያ ሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ አለ፣ ተክሉ ላይ ተጣብቆ ቤታችሁ ሊገባ ይችላል፣ ህጻን ልጅ ደሞ እጇን ሳታስገባ አትውልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፣ ውሃው። ሰው ሁሉ ስለ ድፍርስ ይጨነቃል፣ ድፍርሱ ግን በራሱ ይጠራል፣ ፊልተሩ ላይ ስፖንጅና ጥጥ ካለ ቶሎ ነው። አሳ ሚገድለው ማይታየው ነው። አዲስ ሸክላ የውሃውን ኬኤች ይበላል። ኬኤች ማለት ውሃው ፒኤቹን (የአሲድነቱን ልክ) አጥብቆ እንዲይዝ ሚያደርገው የካርቦኔት መጠን ነው፣ እሱ ሲያልቅ ፒኤች ያለምንም ልጓም ይወርዳል፣ ከ6 በታች ሲሆን ደሞ አሞኒያን ሚያጸዱት ባክቴሪያዎች ስራቸውን ወደ ማቆም ነው ሚሄዱት። የኛ አካባቢ ውሃ ከአቃቂ ከርሰ ምድር ስለሆነ ጠንከር ያለ ነው፣ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ ከሚመጣው የበለጠ ኬኤች አለው፣ ጋሼ ጋ ኬኤቹን ከቧንቧ ስንለካው 8 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ታንኩ ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ 3 ደረሰ። የኬኤች መለኪያውን ጠብታ ውሃው ላይ ስትጨምሩ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ሚቀየረው በሶስተኛው ጠብታ ላይ ነበር፣ አንድ ጠብታ አንድ ዲግሪ ነው፣ ልጅቷ ጮክ ብላ እየቆጠረች ነው የለካነው፣ ጋሼ አላመኑም ደግመን ለካን ያው ሶስት።

እዚ ላይ ነው የኛ ሰፈር ሁኔታ ከመጽሐፍ ሚለየው። ሌላ ቦታ "ግማሹን ውሃ ቀይሩ" ይላሉ፣ እኛ ጋ ውሃ ሲመጣ ሮቶ ተሞልቶ ነው ሚቀመጠው፣ እሱ ደሞ ለምግብ ነው፣ ለልብስ ነው፣ ለአሳ ተብሎ በየሁለት ቀኑ 25 ሊትር ማፍሰስ ለእትዬ ማይታሰብ ነው፣ ልክም ናቸው። ስለዚ ሁለት ነገር አደረግን። ጋሼ በባልዲ አሳድረው ክሎሪኑ የወጣለትን ውሃ ትንሽ ትንሽ ይቀይራሉ፣ የቀየሩት ወደ ጎመኑ ይሄዳል፣ የጎደለውን ኬኤች ደሞ በቤኪንግ ሶዳ እንሞላለን። ሒሳቡ ይሄ ነው፣ ለ50 ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ ለመጨመር 1.5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ 6 ግራም ገደማ ስለሆነ 4 ዲግሪ ይጨምራል። በአንዴ እንዳትጨምሩት፣ በብርጭቆ ውሃ አሟሙታችሁ በቀናት ከፋፍላችሁ ነው። ይጨምሩታል፣ ሸክላው ይበላዋል፣ ይጨምሩታል፣ ይበላዋል፣ ከዛ አንድ ቀን ላይ ያቆማል። ሸክላው ጠገበ ማለት ነው። የጨመሩት ኬኤች ሳይወርድ ሳምንት ሲቆይ ያኔ ነው አሳ ሚገባው፣ ከዛ በፊት አንድም አሳ አላስገባንም፣ ልጅቷ አልቅሳለች፣ ጋሼ "ሳሩ ሲጸድቅ አሳው ይመጣል" እያሉ ነው ያባበሏት። በዚ ጉዳይ ላይ አልደራደርም፣ አሳ ሞቶ ህጻን ልጅ ከሚያይ ሁለት ሳምንት ቢያለቅስ ይሻላል።

በዚ መሀል ክሪፕቱ ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ ጣለ፣ እንደ ተቀቀለ ቆስጣ ሆኖ ሟሟ። ጋሼ ደንግጠው ደወሉልኝ፣ ሊነቅሉት ነበር። ክሪፕት ውሃ ሲቀየርበት እንደዚ ያደርጋል፣ ስሩ ደህና ከሆነ ይመለሳል፣ የበሰበሰውን ቅጠል ብቻ ቆርጣችሁ አውጡ። ተመለሰ፣ ከበፊቱ አጠር ብሎ ጠቆር ያለ ቅጠል አወጣ። ቫሊስኔሪያው በተቃራኒው መጀመሪያ ዝም ብሎ ቆየና ከዛ ከስር በስር ሯጭ (አዲስ ተክል ሚያበቅል ቀንበጥ) እየላከ ጀርባውን ግድግዳ ሞላው።

ሶርዱ ነው ያስቸገረን። አዲስ ሚያወጣው ቅጠል ደም ስሩ አረንጓዴ መሀሉ ቢጫ እየሆነ መጣ፣ የብረት እጥረት ነው፣ ሶርድ በስሩ ነው ሚበላው ደሞ በጣም በላተኛ ነው፣ ጎተራው ባዶ ነው ያልኳችሁ እዚ ጋ ነው ሚታየው። ጋሼ ያው የግብርና ሰው አይደሉ፣ ወዲያው "ዳፕና ዩሪያ እንስጠው" አሉ። ረጅም ክርክር ነበር። ማሳ ላይ ልክ ናቸው፣ ታንክ ውስጥ ግን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ነው ሚለወጠው፣ የኛ ውሃ ፒኤች ደሞ ኬኤቹ ከተስተካከለ በኋላ ከ7.5 በላይ ነው፣ ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር ከአሞኒያው ብዙው መርዛማው አይነት ይሆናል፣ 50 ሊትር ውሃ ውስጥ ትንሽ ቁንጥር አሳ ይፈጃል። ናይትሮጂን ከአሳው ኩስና ከተረፈ ምግብ ይመጣል፣ ሸክላው አሞኒየሙን ይይዝለታል፣ እሱን መግዛት አያስፈልግም። ሚጎድለው ብረትና ፖታሲየም ነው።

መፍትሄውን ያገኙት ግን ራሳቸው ናቸው። የአበባ እርሻዎች ሚጠቀሙበት ውሃ ውስጥ ሚሟሟ ብረት አለ፣ ቼሌት ሚባለው፣ የእርሻ ግብአት ሚሸጡ ቤቶች ያስመጡታል፣ ጋሼ ድሮ ከሚያውቁት ሰው ጥቂት ግራም ይዘው መጡ። አይነቱን ግን እዩ፣ ኢዲቲኤ ሚለው ፒኤች ከ6.5 በላይ ሲሆን ብረቱን መልቀቅ ይጀምራል፣ ዲቲፒኤ ሚለው እስከ 7.5 አካባቢ ይቆያል፣ ኢዲዲኤችኤ ሚለው ለጠንካራ ውሃ ምርጥ ነው ግን ውሃውን ቀይ ያደርገዋል። ያገኘነው ዲቲፒኤ ነበር። እትዬ የሸክላ አፈር ሰጡን፣ በጣም ትንሽ ብረትና ፖታሲየም አቦክተንበት የሽንብራ ፍሬ የሚያክል ኳስ ሰራን፣ በጥላ አድርቀን ሶርዱ ስር በፒንሳ እስከ ታች ሰደድነው። ቀጥሎ የወጣው ቅጠል ነው ልዩነቱን ያሳየው፣ የቢጫው ቅጠል አይድንም፣ እሱን አትጠብቁ፣ አዲሱን ነው ምታዩት፣ አዲሱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

አሳ ያስገባነው ጋፒ ነው፣ ጠንካራ ውሃ ይወዳል፣ ለልጅም ቀለሙ ደስ ይላል። ቁጥሩን ሆን ብለን ቀነስነው። እኛ ያለንበት ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው ሚይዘው ኦክስጅን ከባህር ጠረፍ አካባቢ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፣ መብራት ሲጠፋ ደሞ ፓምፑም ይቆማል፣ ስለዚ የውጭ ሰው "ለ60 ሊትር ይሄን ያህል አሳ" ሲላችሁ ለኛ ቀንሱለት። ህዳርና ታህሳስ ላይ ሂተር የግድ ነው። ኮሪዶራስና ሌላ መሬት ሚቆፍር አሳ አታስገቡ፣ ጠጠሩም ሸክላውም ስለታም ነው፣ አፉን ይጎዳዋል፣ አቧራውንም ሲቀሰቅስ ይውላል።

ከወራት በኋላ ጋሼ ከቫሊስኔሪያው ቀንሰው ለእህታቸው ልጅ ሊሰጡ አንዱን ሲነቅሉ እዛው ነበርኩ። ስሩ ባዶውን አልወጣም፣ የሸክላ ፍሬዎቹን ይዞ ነው የወጣው፣ ውሃ ውስጥ ብናራግፈውም አልለቅ አለ፣ ቀረብ ብለን ስናየው ነጫጭ ቀጫጭን ስሮች ፍሬዎቹ ላይ ተጠምጥመው በስንጥቃቸው ውስጥ ገብተዋል፣ አንዱን ፍሬ ጋሼ በጥፍራቸው ሰብረው ውስጡ ያለውን ስር አሳዩኝ። አርባ አመት አፈር ያዩ ሰው ናቸው፣ ዝም ብለው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና "ይሄ አፈር ሆኗል" አሉኝ።

እንክብካቤው አሁን ቀላል ነው። ከላይ ያለውን ቆሻሻ ብቻ በጎማ ይስባሉ፣ ሸክላው ውስጥ ጎማ አይገባም፣ ከገባ ፍሬው ቀላል ስለሆነ ተመጦ ይወጣል፣ የተያዘው ምግብም አብሮ ይወጣል። ተክል ሲነቀል በጣት ዙሪያውን ያዝ አድርጎ በቀስታ ነው፣ ትንሽ ደፍረስ ይላል፣ በሰአታት ውስጥ ይጠራል። የብረት ኳሱን አዲሱ ቅጠል ሲገረጣ ይደግሙታል፣ በቀን መቁጠሪያ አይደለም።

ልጅቷ ሁለተኛ ታንክ ስትጠይቅ ጋሼ ራሳቸው ሄደው ሌላ ከረጢት ገዙ፣ ምልክቱ ያው ነው፣ ከረጢቱ ላይ ያለችው ድመትም ያቺው ናት። እኔን ሳይጠሩ ብርጭቆ ውስጥ ከተቱት። በማግስቱ ጠርተው አሳዩኝ፣ ፍሬው ቆሟል፣ አልጓጎለም፣ ሲጨመቅ ግን ጣት ላይ ይቀባል። በደንብ ያልተቃጠለ ነው። ከረጢቱን ድመት ላላት ጓደኛዬ ሰጥተናል፣ ጋሼ አሁን ሌላ ምልክት ያለው ገዝተው መስኮት ላይ አስቀምጠው ሳምንት እስኪሞላው እየጠበቁ ነው፣ ይሄኛውም ካልሆነ ደሞ እትዬ ያጠራቀሙትን የምጣድና የጀበና ገል ወቅጠን በወንፊት ነፍተን እናነጥፋለን ብለናል፣ ምግብ የመያዝ አቅሙ ያነሰ ቢሆንም እሱ እንደሆነ ጭቃ አይሆንም።